የመስጂዱ በር ሲዘጋም የዑለማዎች ቃል ይከበር

በጅዳው በኒ ማሊክ ሰፈር ይኖሩ የነበሩ ሐበሾች ከሁለት ወር ተኩል ናፍቆት በኋላ ወደ መስጂድ የተመለሱት ሸዋል 8 ቀን 1441 ሂጅሪያ (ሜይ 31 ቀን 2020) ነበር። ጭምብል አጥልቀው፣ የየራሳቸውን መስገጃ ይዘው፣ ተራርቀው ሰገዱ። ደስታው ግን ስድስት ቀን ብቻ ቆየ። አንድ ጁሙዓ እንደተሰገደ፣ ከጁን 6 ጀምሮ በጅዳ መስጂዶች የጀማዓ ሰላት ለ15 ቀናት እንዲቋረጥና ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከቤት መውጣት እንዲከለከል ተወሰነ። የመካ ከተማ ሰፈር መስጂዶች ደግሞ በዚያን ጊዜ ጭራሹን ገና አልተከፈቱም ነበር።

በዚያ ጊዜ «ቤት ውስጥ ተሰባስበን ብንሰግድ ምን አለበት?» የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም ነበር። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሠራተኛ መስጂድ የስግደት ቦታ ብቻ ሳይሆን ወገኑን የሚያገኝበት ስፍራም ነው። ነገር ግን ኒያ ማማሩ ብቻውን ሥራን ትክክል አያደርገውም።

የሳዑዲ ዐረቢያ ከፍተኛ ዑለማዎች ምክር ቤት ማርች 17 ቀን 2020፣ ከሁለቱ ቅዱሳን መስጂዶች በስተቀር በመላው አገሪቱ የጁሙዓና የጀማዓ ሰላት እንዲቋረጥ የወሰነው በችኮላ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎ በሽታው ያለበት ሰው ወደ መስጂድ እንዳይመጣ፣ ጉዳት የሚፈራም እንዲቀር ፈቅዶ ነበር። አደጋው ሲጨምር በሩን ዘጋ፤ አዛኑ ግን አልተቋረጠም። ሙአዚኑ «በቤታችሁ ስገዱ» ሲልም አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) በዝናብ ቀን ሙአዚናቸውን ያዘዙት ይህንኑ ነው። ለዝናብና ለጭቃ የተፈቀደው፣ ነፍስ ለሚያጠፋ ወረርሽኝ እንዴት ይከለከላል?

የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ታሪክም ከዚህ የበለጠ ያስተምራል። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ቦታ ሲደርሱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ አልተስማሙም። አንሷሮችን ጠየቁ፤ እነርሱም ተለያዩ። በመጨረሻ የቁረይሽ አዛውንት በአንድ ድምፅ «ተመለስ» አሏቸው። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ቢሞግቱ፣ ዑመር ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው፣ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸውን ነገሯቸው። ሶሓቦች ከውሳኔው በፊት ተከራከሩ፤ ከተወሰነ በኋላ ግን ማንም የብቻውን መንገድ አልያዘም።

«ገበያው ክፍት ሆኖ መስጂዱ ለምን ይዘጋል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይገባዋል። የዕለት እንጀራ ቤት ተቀምጦ አይገኝም፤ ሰላትን ግን አላህ በቤትም ይቀበላል፤ ለዚህ ኡማ ምድር ሁሉ መስገጃ ተደርጋለችና። ጀማዓ ደግሞ ሰዎችን በቀን አምስት ጊዜ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባስባል። ታሞ ወይም ተጉዞ የለመደውን መልካም ሥራ የተወ ሰው፣ በጤናውና በአገሩ ሳለ ይሠራው የነበረው እንደሚጻፍለት በሐዲስ ተነግሯል። ዑዝር ያለበት ሰው አጅሩን አያጣም።

የሃይማኖት መሪ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ሌሎችም አይተውታል። የብሪታንያው ዋና ረቢ ኤፍሬም ሚርቪስ በዚያው በማርች ወር የምኩራብ ጸሎት እንዲቋረጥ አደረጉ። በእስራኤሏ ብኔ ብራቅ ከተማ ግን የታወቁት ረቢ ሐይም ካኒየቭስኪ መጀመሪያ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች እንዳይዘጉ ተናገሩ፤ በማርች መጨረሻ ሐሳባቸውን ለውጠው እያንዳንዱ ለብቻው እንዲጸልይ አሳሰቡ። ከተማዋ በወረርሽኙ ክፉኛ ተመታች፤ በኤፕሪል መጀመሪያም መግቢያና መውጫዋ ተዘጋ። የሐኪምን ምክር ችላ የሚል አማኝ እንኳ የሃይማኖት መሪውን ይሰማል። ስለዚህ የመሪው ቃል በጊዜው ሲመጣ፣ ተከታዩም በጊዜው ሊቀበለው ይገባል።

በኒ ማሊክ ውስጥ ይህ ጉዳይ ከሌላው ሰፈር ይልቅ ይከብድ ነበር። ብዙዎች አንድ ክፍል ለብዙ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በዚያች ክፍል ለጀማዓ እንግዳ ቢጨመር፣ አንዱ የያዘው በሽታ አልጋ ለአልጋ ይዛመት ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ደግሞ ፈርቶ ሕመሙን ሊደብቅ ይችል ነበር። ንጉሥ ሰልማን በማርች መጨረሻ ባወጡት ትእዛዝ የኮሮና ሕክምና ፈቃድ ለሌላቸውም ጭምር በነጻ እንዲሰጥ መደረጉን ለእንዲህ ያለው ወንድም መንገር በዚያ ጊዜ ትልቅ ዒባዳ ነበር።

የ15 ቀናቱ ገደብ የሚያበቃው ጁን 20 ቀን 2020 ነበር። እስከዚያ አብረው የሚኖሩ እዚያው መስገድ፣ ጎረቤት ግን አለመጥራት ነበረባቸው። ዑለማዎች «ኑ» ሲሉ የሮጠ ሰው፣ «ቆዩ» ሲሉም ይቆይ፤ በሩ ሲከፈት ከሰፉ የሚጎድል ወንድም እንዳይኖር።