ከሣጥናችን ለፕሮሞሽን ገንዘብ መውጣቱን አልደግፍም

ባለፈው ዓርብ ስብሰባችን ላይ ከመረዳጃ ሣጥናችን 2,000 ሪያል ወጥቶ ለአንዲት እህታችን ነጠላ ዜማ ፕሮሞሽን ይከፈል የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ውሳኔው ለሚመጣው ዓርብ ስለተላለፈ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል ያልተሰማልኝን እዚህ ልጻፈው። ዘፈኑን እወደዋለሁ። ድምጿን ደሞ እዚህ መላዝ ያለን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፓርኩ ውስጥ ስታንጎራጉር መንገደኛ ቆሞ ሲሰማት አይቻለሁ። ስለዚህ ምቀኝነት ነው የምትል ካለች፣ አይደለም።

ቅር ያለኝ ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ ነው። በቴሌግራም የተገኘው ፕሮሞተር በአሥር ቀን 100,000 ቪው እና 1,000 ሰብስክራይበር አመጣለሁ ብሏል። ክፍያው በሙሉ ቅድሚያ ነው። ስሙን እንጂ መልኩን ያየ ከመሐላችን የለም።

እስቲ አብረን እናስላው። ዩቲዩብ አንድን ቻናል የማስታወቂያ ገቢ ተካፋይ የሚያደርገው 1,000 ሰብስክራይበር ሲኖረውና ባለፉት 12 ወራት ቪዲዮዎቹ ለ4,000 ሰዓት ሲታዩለት ነው። (በአጫጭር ቪዲዮ የሚገባበት ሌላ መንገድም አለ፤ እሱ በ90 ቀን 10 ሚሊዮን ቪው ይጠይቃል፣ እንለፈው።) 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። የእህታችን ዘፈን አምስት ደቂቃ ነው ብንል 48,000 ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊሰማላት ይገባል። የሚሸጠው ቪው ግን ብዙ ጊዜ ከፈት ተደርጎ የሚዘጋ ነው። አንዱ ቪው ሠላሳ ሰከንድ ቆየ እንኳ ብንል 100,000ው ተደምሮ 833 ሰዓት ገደማ ነው። ያውም ከተቆጠረላት። ዩቲዩብ በማሽን ወይም በክፍያ የመጣ ቪው በደንቡ ከልክሏል፤ ሲደርስበት ቁጥሩን ይቀንሳል፣ ከባሰም ቻናሉን ይዘጋል። ቻናሉ ሲዘጋ ታዲያ የሚጠፋው የእሷ ስም እንጂ የፕሮሞተሩ አይደለም። እሱ ቴሌግራሙን በሌላ ስም ይከፍታል።

ይሄን የምለው ከሰው ሰምቼ ብቻ አይደለም። በጠሃ አካባቢ የምትሠራ የማውቃት ልጅ ባለፈው ዓመት ለሌላ ፕሮሞተር 1,200 ሪያል ከፍላ ነበር። የደሞዟ ከአንድ ወር በላይ ነው። ቪው በሳምንት 60,000 ገባ፣ እልል ተባለ። ከዛ ስልኳን ከፍታ የቻናሏን የውስጥ ገጽ አሳየችኝ። እዛ ላይ ሰው ከየት አገር እንዳየና በአማካይ ስንት እንደቆየ ይታያል። አብዛኛው ተመልካች አማርኛ ከማይሰማባቸው አገሮች ነው፣ የቆየውም አሥራ ምናምን ሰከንድ። የዘፈኑ መግቢያ ክራር ብቻውን ሃያ ሰከንድ ይወስዳል! ድምጿን እንኳ ሳይሰሙ ነው የሄዱት። በወሩ ቁጥሩ ግማሽ ሆነ። ስትጠይቀው «የዩቲዩብ ችግር ነው፣ 400 ሪያል ጨምሪና ልሙላልሽ» አላት። እንደ ጋዝ ሲሊንደር።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያናድደኝ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ዩቲዩብ ዘፈንን ለሌላ ሰው የሚያቀርበው የበፊቶቹ ምን ያህል ቆይተው እንዳዩት እያየ ነው። ስልሳ ሺህ ሰው ከፍቶ ወዲያው ከዘጋው ማሽኑ «ይሄ የማይወደድ ነው» ብሎ ይይዘዋል። በኋላ በእውነት ሊወደው የሚችለው ደሴ ወይም ጅዳ ያለ ሰው ፊት አይደርስም። ከፍላ ዘፈኗን አስቀበረች ማለት ነው።

እሺ፣ ሕጋዊውስ? አለ። ዩቲዩብ ራሱ በጉግል በኩል ማስታወቂያ ይሸጣል፣ የሚያመጣውም እውነተኛ ሰው ነው። ነገር ግን በማስታወቂያ የታየ ሰዓት ከ4,000ው ሰዓት ውስጥ አይቆጠርም። ይሄን ፕሮሞተሮቹ አይነግሩም። ስፖቲፋይም ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አያገኝም፤ በግልጽ የማሽን ማዳመጥ ሲያገኝ ደግሞ ዘፈኑን ባቀረበው ድርጅት ላይ ቅጣት ይጥላል። ስለዚህ «ፕሌይ እንግዛ» የምትሉም ይሄን አስቡበት።

አንዳንዶቻችሁ «ያለ ገንዘብ ማን ዘፋኝ ሆነ?» ብላችኋል። ልክ ናችሁ፣ ሙዚቃ ሁሌም ገንዘብ ይፈልጋል። ልዩነቱ ማን ያወጣል የሚለው ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ ማሳተም ለመንግሥት ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ እሱ ግን ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ በራሱ ገንዘብ አሳተመ። ባይሸጥ ኖሮ የሚከስረው አምሃ ነበር። በካሴት ጊዜም ሙዚቃ ቤቶች ለዘፋኙ ከፍለው ሥራውን ይወስዱ ነበር። ዘፋኞች አነሰን፣ ተበደልን ይሉ ነበር፣ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ግን ሙዚቃ ቤቱ ስግብግብ እንኳ ቢሆን ካሴቱ እንዲሸጥ ይፈልጋል፣ የራሱ ብር እዛ ውስጥ አለ። የዛሬው ፕሮሞተር ብሩን ቀድሞ ስለበላ ዘፈኑ ቢሰማም ባይሰማም ለሱ ያው ነው። ከአዲስ አበባ የሚደውልላት ያ ልጅ በእውነት በዘፈኑ ካመነ ለምን ከገቢው አልካፈልም አለ? ጠይቀነው እኮ ነበር። «እኛ እንደዛ አንሠራም» ነው ያለው።

ሁለተኛ ሐሳብም አቅርቧል። በራሱ ትልቅ ቻናል ላይ በ800 ሪያል ይጫንልሽ የሚል። ይሄ ከመጀመሪያው ይሻላል፣ ቢያንስ አማርኛ የሚሰማ ሰው አለበት። ነገር ግን እዛ ላይ የሚገባው ገቢ ለቻናሉ ባለቤት ነው፤ ነገ ላጥፋው ቢል፣ በሌላ ርእስ ላውጣው ቢልም ቁልፉ በሱ እጅ ነው። አገራችን ለዚህ ሕግ አላት፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል። በአዋጁ መሠረት የሥራው መብት የአመንጪው ነው፣ ለሌላ የሚተላለፈውም በጽሑፍ ስምምነት ነው። በድምፅ መልእክት «እሺ ወንድሜ» ማለት ስምምነት አይደለም። ግጥሙና ዜማው ደግሞ የሷ ብቻ አይደለም፤ ዜማውን የሰጣት ልጅ ጎንደር ነው ያለው፣ እሱም መጠየቅ አለበት።

ደሞ አንዷ «እኛው በቲክቶካችን ፕሮሞት እናድርግላት፣ ሌሎች ዘፋኞችም ይክፈሉንና ሣጥኑ ይሙላ» ስትል ብዙዎች አጨብጭባችኋል። እህቶቼ፣ እዚህ አገር ይሄ ቀልድ አይደለም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውጭ አገር ሰው ያለ ፈቃድ በሶሻል ሚዲያ ማስታወቂያ መሥራት እንደማይችል የሳዑዲ መንግሥት አሳውቋል። ኢቃማችን ላይ የተጻፈው የቤት ሠራተኛ ነው። የእህትን ዘፈን ወድዶ ሼር ማድረግ ሌላ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ማስተዋወቅ ሌላ። የማዳም ሳሎን ውስጥ ቆሞ ላይቭ መግባትማ አይነሣ።

«ዲሽታ ጊናስ?» መባሉንም አልረሳሁም። ታሪኩ ጋንካሲ ከአሪ ተነሥቶ አኮን ድረስ የደረሰበት ዘፈን ነው፣ እኛም ማድ ቤት እያጠብን የጨፈርንበት። እኔ ከሱ የተማርኩት ሌላ ነው። ዘፈኑ ከእጅ እጅ የሄደው ሰው በልጁ፣ በሠርጉ፣ በሠፈሩ እየጨፈረ ስለቀረጸው ነው። የተገዛ ቪው አይጨፍርም። የእህታችን ዘፈን መሐሉ ላይ እስክስታ የሚያስወርድ ቦታ አለው፤ እሷ ግን ለቲክቶክ ቆርጣ ያወጣችው መግቢያውን ነው፣ ያንን ቀዝቃዛውን። ነግሬያታለሁ፣ ተቀይማኛለች መሰለኝ።

አሁን ወደ ሣጥናችን። እዛ ውስጥ ያለው ገንዘብ ዓርብ የምንሰበሰበው የኛ ብቻ አይደለም። ከቤት የማይወጡ እህቶች አሉ፤ በር ተቆልፎባቸው 30 ሪያሏን በሰው ልከው የሚያዋጡ። እጅ ሲወጣ የነሱ እጅ አይቆጠርም። ባለፈው ዓመት ከዚሁ ሣጥን ለታመመች መድኃኒት ተገዝቷል፣ ደሞዟን ተከልክላ ለወጣች ልጅ የትኬት ማሟያ ተሰጥቷል። የሚቀጥለው የማን ተራ እንደሆነ አናውቅም። 2,000 ሪያል ማለት የብዙዎቻችን የሁለት ወር ደሞዝ ነው። ለቁጥር መስጠቱ ለኔ አይዋጥልኝም።

እኔ የማቀርበው ይሄ ነው። ከሣጥኑ ምንም አይውጣ። በፈቃዳችን፣ የቻለች የቻለችውን አዋጥተን ለአቀናባሪው የቀረባትን 600 ሪያል ዕዳ እንክፈልላት፤ እሱ ሠርቷል፣ ሥራውም ይሰማል። ቻናሉ በራሷ ስም፣ በራሷ ኢሜይል ይከፈት፤ የይለፍ ቃሉን ለማንም አትስጥ፣ ለኔም ቢሆን። የእስክስታው ክፍል ተቆርጦ ይውጣና የወደደችው ትጨፍርበት፣ ያልወደደችው ትተወው። አገር ቤት ሠርግ ያለባት ለዲጄው ትላክለት፣ እሱ ገንዘብ አይጠይቅም። የምንሰማም ስንሰማ እስከ መጨረሻው እንስማ፤ አንዷ በአንድ ሌሊት መቶ ጊዜ ብትከፍተው ግን ጥቅም የለውም፣ ዩቲዩብ ይነቃል።

ፕሮሞተሩን አሁንም የምታምኑት ከሆነ ዓርብ ሁላችን ባለንበት ይደወልለትና ሦስት ነገር ይጠየቅ። ከዚህ በፊት የሠራለት የአንድ ዘፋኝ ቻናል የውስጥ ገጽ፣ ከየት አገር እንደታየና ስንት ደቂቃ እንደቆዩ ያሳየን። ገንዘቡን ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከሁለት ወር በኋላ ቁጥሩ ካልወረደ ይቀበል። ቻናሉ ከተዘጋም ይመልስ። እነዚህን በጽሑፍ እሺ ካለ እኔ ራሴ ከኪሴ 100 ሪያል አዋጣለሁ። ስልኬን ሞልቼ እመጣለሁ፣ ድምፅ ማጉያ ያላት ታምጣ።