ሜንቶል «ቀዘቀዘ» ያስብላል እንጂ ትኩሳት አያወርድም!



ስለ ፔፐርሚንት ዘይት ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «ዶክተር፣ እውነት ይሠራል?» አዎ፣ ለአንዳንድ ነገር ይሠራል። መተማ ወይም ቋራ ሆናችሁ ለትኩሳት የምትቀቡት ከሆነ ግን አደጋ አለው።

ፔፐርሚንት የናና ዘመድ ነው። በዘይቱ ውስጥ ያለው ዋና ነገር ሜንቶል ይባላል። ሜንቶል ቅዝቃዜን የሚለዩ ነርቮቻችንን ይቀሰቅሳል፤ አንጎላችንም «ቀዘቀዘ» ይላል። ቴርሞሜትሩ ግን 39 ካለ ያው 39 ነው። የታፈነ አፍንጫም የተከፈተ ይመስለናል እንጂ እብጠቱ አልቀነሰም።

ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ የጀርመን ጥናት፣ 10 በመቶ የፔፐርሚንት ዘይት ያለው ውህድ ግንባር ላይ ሲቀባ፣ በውጥረት የሚመጣን ራስ ምታት ከፓራሲታሞል ባልተናነሰ አስታግሷል።

ችግሩ፣ ወባም የሚጀምረው በራስ ምታት፣ በብርድ ብርድ ማለትና በማቅለሽለሽ ነው። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ሰሊጥ በሚሰበሰብበት ወቅት፣ ቆላው ላይ ወባ ይበረታል። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ካልታከመ በ24 ሰዓት ውስጥ እንኳ ሊከፋ ይችላል። ተቀብቶ «ትንሽ ቀለል አለኝ» ብሎ ማደር ያቺን ወሳኝ ቀን ያስበላል።

ስለዚህ የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ዘይቱ!

👉 ትኩሳት ከተሰማችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል።

👉 ትኩሳቱ 2 ሳምንት ካለፈው፣ ከከሳችሁና በግራ ጎን በኩል ሆዳችሁ ካበጠ፣ ካላዛር ሊሆን ይችላል። ካልታከመ ይገድላል፤ መድኃኒት ግን አለው። ለቀን ሥራ ወርዳችሁ ወደ ደጋ የተመለሳችሁ፣ ከወራት በኋላም ቢሆን ለሐኪሙ «መተማ ነበርኩ» በሉ።

👉 የናና ሽታ አጎበርን አይተካም።

👉 ዘይቱን አትጠጡት፣ ሳታቀጥኑም አትቀቡት። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ፊቱና ደረቱ አካባቢ ፈጽሞ አታድርጉ፤ ትንፋሹን ሊያቆምበት ይችላል።

ተመርምራችሁ ወባም ሌላም ከባድ ነገር ከሌለ፣ በዘይቱ ግንባራችሁን ቀባ ቀባ ብታደርጉ ቅር አይለኝም።

ቆላ የሚሠራ ወንድም ወይም ዘመድ ያላችሁ ይህን ሼር አድርጉለት። ጤናችሁ ይብዛ!