እናትም መምህርም፦ ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ

ከጁባ ወጣ ብሎ በቅኝት ላይ የሚሰማራ የሰላም አስከባሪ ወታደር ዘወትር የሚያየው ነገር አለ፤ ከዛፍ ሥር የተቀመጡ ሕፃናት፣ ከግንዱ ጋር የተደገፈ ጥቁር ሰሌዳ፣ ከሰሌዳውም አጠገብ የቆመ መምህር። መምህሯ ሴት ሆና የምትገኝበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ባወጀችበት በ2003 ዓ.ም. አካባቢ በወጣው መረጃ መሠረት ከአዋቂው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው 27 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ከሴቶች መካከል ደግሞ 16 በመቶ ብቻ ነበር። በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ስምምነት የመጀመሪያውን ጦርነት ባስቆመ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ለዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ትንፋሽ አግኝተው ነበር፤ የጁባ ዩኒቨርሲቲም የዚያ የሰላም ዘመን ፍሬ ነው። በ1975 ዓ.ም. ጦርነቱ አገረሸ፤ ውሎ አድሮም ዩኒቨርሲቲው ሳይቀር ወደ ካርቱም ተሰደደ። ጦርነት መምህርን ሲያሳጣ ጉዳቱ በአንድ ትውልድ እንደማያበቃ እዚህ በዓይናችን እናያለን።

የእኛም አገር ይህን መከራ ቀምሳለች። የፋሺስት ወራሪ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረውን ወጣት እያደነ ፈጀ። ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ትምህርት ቤቱን መልሶ መክፈቱ ብቻውን በቂ አልነበረም፤ በሰሌዳው ፊት የሚቆም ኢትዮጵያዊ ያስፈልግ ነበር። በዚያን ጊዜ ከቆሙት አንዷ፣ የዛሬው ዓምዳችን የሚዘክራቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው።

ወይዘሮ ስንዱ በ1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ፣ ራሳቸው በውጭ አገር የተማሩ ሰው በመሆናቸው፣ ሴት ልጅን ለትምህርት ባሕር ማሻገር እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት ዘመን ልጆቻቸውን ስዊዘርላንድ ላኩ። በኋላ በፒያኖ ድርሰቶቻቸው ዓለም ያወቃቸው እማሆይ ጽጌማርያም የወይዘሮ ስንዱ ታናሽ እኅት ናቸው።

ጦርነቱ ሲመጣ ወይዘሮ ስንዱ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ዋና ከተማዋ በጠላት እጅ ስትወድቅ፣ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ምሁራን በምዕራብ ኢትዮጵያ «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ጦር አቋቋሙ፤ እሳቸውም ከዚሁ የአርበኝነት ትግል ጋር ተሰለፉ። እኛ የጦር ትምህርት ቤት ልጆች ስለዚህ ጦር ስንማር ብዙ ጊዜ የምናነሣው በቦናያ ላይ ስለተቃጠሉት የጠላት አውሮፕላኖች ነው። በእኔ አስተያየት ግን ከዚያ ይልቅ የሚያኮራው ያወጡት ደንብ ነው። ገበሬውን መበደልንም ሆነ ምርኮኛን ማንገላታትን የከለከለ ደንብ ነበርና። አገር በጠፋችበት ቀን እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ቀላል አይደለም።

ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ የጥቁር አንበሳ ጦር ተበተነ፤ ከአባላቱም ብዙዎቹ ተረሸኑ። ወይዘሮ ስንዱ ተይዘው ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር አዚናራ ወደምትባለው የኢጣሊያ ደሴት ተጋዙ።

ከግዞት የተመለሰ ሰው ምን ይመርጣል? አንዱ ሹመት ይጠይቃል፣ ሌላው ርስቱን ያስመልሳል። ይህም አያስነቅፍም። ወይዘሮ ስንዱ ግን ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። በመጀመሪያ በደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ምክትል ዲሬክተር ሆኑ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ በእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሩ። የዚያም ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዲሬክትሪስ ለመሆን በቁ። አዳሪ ትምህርት ቤት እንደመሆኑ ዲሬክትሪሷ ፊደልና ሒሳብ ብቻ አስተምራ ወደ ቤቷ የምትገባ አይደለችም። ከእናቷ ጉያ የተለየች ልጅ ታመመች፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች ቢባል ተጠያቂዋ እሷ ናት። ርእሳችን «እናትም መምህርም» የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስለ ቤታቸው ኑሮ መተረክ ግን የዚህ ዓምድ ፈንታ አይደለም። ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸው መድረክ ላይ ወጥተው እንዲጫወቱት ያደርጉ ነበር። ድምፅን ዝቅ ማድረግ ጨዋነት ነው ተብላ ያደገች ልጅ፣ በሕዝብ ፊት ቆማ ጮክ ብላ ስትናገር ምን እንደሚሰማት የምታውቁት እናንተ የልጃገረድ እናቶች ናችሁ። የግጥምና የተውኔት ሥራዎቻቸው «የልቤ መጽሐፍ» በሚል ርእስ በ1942 ዓ.ም. ታትመዋል።

በ1950 ዓ.ም. ሕዝብ በድምፁ እንደራሴ በመረጠበት የመጀመሪያ ምርጫ ተወዳድረው በፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ የምክር ቤቱም ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ብዙ ሰው የሚያነሣላቸው ይህን ነው። እኔ ግን ወንበሩ የተገኘው ከሰሌዳው ነው እላለሁ። በ2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህን የጻፍሁት አንድ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ስላለ ነው። ባል ለግዳጅ ወደ ጁባ ወይም ወደ ሌላ ግንባር ሲሄድ የቤቱ ሸክም በሚስት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ውሃው፣ ወፍጮው፣ ሕፃኑ፣ የታመመችው አማት አሉ። ያን ጊዜ ትልቋ ልጅ «ለዚህ ወር ብቻ» ተብላ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ወሩ ወሰነ ትምህርት ይሆናል፤ ከዚያም ዓመቱ ያልፋል። ወንድሟ ግን ደብተሩን ይዞ ይሄዳል። እናቲቱን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ እጇ ሁለት ብቻ ነውና። ይልቅስ ሸክሙን የሚጋራ ጎረቤት፣ ሕፃናቱን በተራ የሚጠብቅ የሰፈር ማኅበር ያስፈልጋታል፤ ይህንንም የሰፈራችን ወይዘሮዎች ተነጋግረው ሊያደራጁት ይችላሉ።

ወታደሩም ከሩቅ ሆኖ ድርሻ አለው። የመቶ አዛዡን ስም ከነማዕረጉ ጠንቅቆ የሚያውቅ አባት፣ የልጁን መምህር ስም ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ስልክ ሲደወል ደመወዙ ደረሰ ወይ፣ ጣሪያው ተጠገነ ወይ ተብሎ ጊዜው ያልቃል። እንግዲህ እመቤቶች ሆይ፣ የሚቀጥለው ስልክ ሲመጣ የቤቱን ወሬ አሳጥራችሁ ስልኩን ለልጅቱ ስጧት፤ ከመጽሐፏ አንድ ገጽ ታንብብለት።