ዐይቡን ተናግሮ የሚሸጥ ነጋዴ

 

ከሥራ ለተቀነሰ ወይም ከስደት ለተመለሰ ወጣት በሐይቅና በአምባሰል በኩል ከሚሰጡት ምክሮች አንዱ «ያገለገለ መኪና ገዝተህ ሽጥ» የሚል ነው። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ንግድ ሐላል ነው፤ የሰው እጅ ከማየትም ይሻላል። ነገር ግን መካሪው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዋጋው፣ ስለ ደላላውና ስለ ትርፉ ተናግሮ ዋናውን ነገር ይዘለዋል። ይህ ንግድ ቀጥ ብሎ የሚቆመውና በረካ የሚኖረው ነጋዴው የመኪናውን ዐይብ ሳይጠየቅ ሲናገር ነው። ዛሬ ልጽፍ የፈለግሁት ስለዚህ ነው። ነገ ተመርቀን ስንወጣ ከእኛም ብዙዎቻችን በዚህ በር እንገባለንና።

ሥራ ማጣት በአካባቢያችን አዲስ ነገር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ደቡብ ወሎ ብዙ ልጆቹን ወደ ዐረብ አገር ከላኩ አካባቢዎች አንዱ ነውና ያ ምላሽ በየቤታችን ተሰምቷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ቀን አገራችን ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስትወጣ፣ ወደ አሜሪካ ልብስ ሰፍተው የሚልኩ ፋብሪካዎች ሠራተኞች እንጀራ አደጋ ላይ ወደቀ። ይህ ሁሉ ሰው ትንሽ ገንዘብ ይዞ «ምን ልሥራ?» ብሎ ጠይቋል።

መኪና ለምን መልስ ሆነ? መንገዱ ራሱ ይጋብዛል። ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልዲያ የሚገባው አስፋልት ቀን ሙሉ ሰውና ጭነት ይመላለስበታል። ሌላው ምክንያት ገበያው ነው። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ተወደደ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ቪትዝና ኮሮላ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየዞረ ይሸጣል። መኪናው ያረጃል፤ ዋጋው ግን አይወርድም። ባለቤት በተቀያየረ ቁጥር ታሪኩ ይጠፋል፤ የተደበቀው ጉድለትም ይበዛል።

የገበያውን ዘዴ ሁላችሁም ሰምታችኋል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚያጨስ ሞተር ወፍራም ዘይት ይጨመርበትና ለአንድ ሳምንት ዝም ይላል። የተጋጨ በር በስቱኮ ተሞልቶ ይቀባል። ጠዋት አልነሳ የሚለው ሞተር ገዢው ከመምጣቱ በፊት ይሞቃል። ሊብሬው ላይ ዕዳ ወይም እገዳ መኖሩ ይደበቅና «ስሙን በኋላ እናዞራለን» ይባላል። ደላላው ከሻጩ የሰማውን ዋጋ ከፍ አድርጎ ለገዢው ይነግርና ልዩነቱን ኪሱ ይከታል። መጨረሻ ላይ «አይተህ ነው የገዛኸው» የምትለው ቃል ትመጣለች።

ይህች ቃል በዲናችን ዋጋ የላትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው እርጥበት ሲያገኙ፣ ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ገሠጹት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ያ ሰውዬ በአንደበቱ አልዋሸም፤ ያደረገው ደረቁን ከላይ መደርደር ብቻ ነበር። በስቱኮ ላይ ቀለም መቀባት ከዚህ በምን ይለያል?

ከሶሓባው ዋሢላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) የተዘገበው ደግሞ ለመኪና ነጋዴ በቀጥታ የተነገረ ይመስላል። አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ሲሄድ ዋሢላ ደርሰውበት ለሥጋ ነው ወይስ ለጉዞ የፈለግሃት ብለው ጠየቁት። ለጉዞ መሆኑን ሲነግራቸው ሰኮናዋ ቀዳዳ እንዳለበትና ረጅም መንገድ እንደማትችል አስታወቁት። ጥያቄያቸውን ልብ በሉ። ዐይብ የሚለካው ገዢው ዕቃውን በሚፈልግበት ሥራ ነው። ከተማ ውስጥ ለሚንሸራሸር ሰው ትንሽ የደከመ ፍሪሲዮን ችግር ላይሆን ይችላል። ወደ አምባሰል ዳገት ሰው ጭኖ ለሚወጣ ሹፌር ግን የነፍስ ጉዳይ ነው።

«ወንድሜ፣ ይህ ለመስጊድ ነው፤ በገበያ እውነት የተናገረ ይከስራል» የሚል አይጠፋም። ሐሳቡን በቁም ነገር እንየው። እውነት ነው፣ ዐይቡን የተናገረ ነጋዴ በአንዷ መኪና ላይ ያነሰ ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። ነገር ግን ሐይቅ አዲስ አበባ አይደለችም። አዲስ አበባ ላይ ደላላው ስልኩን ዘግቶ ሌላ ሰፈር ይሄዳል። እዚህ የሸጥክለትን ሰው ጁሙዓ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሠርግ ላይ ታገኘዋለህ። ያታለልከው ሰው አጎት፣ አማትና ጎረቤት አለው። ካፒታልህ ሁለት መኪና ከሆነ፣ ሦስተኛዋን የምትሸጠው በስምህ ነው። ብዙ ገንዘብ የሌለው ጀማሪ ከባለ ብዙ መኪናው ጋር ሊወዳደር የሚችልበት አንዱ ነገር መታመኑ ነው።

ሕጉም ቢሆን ዝም አይልም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። የውልን ነገር ደግሞ የአምባሰል ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። በ1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል በአማርኛ አንድ ነገር፣ በጣልያንኛ ሌላ ነገር ይል ነበር፤ መጨረሻው ዐድዋ ሆነ። በቃል «ሰላም ናት» ብሎ በወረቀት «እንዳለች ተረክቤአለሁ» ማስፈረም የዚያው ዓይነት ሁለት ምላስ ያለው ውል ነው። የምታውቀውን ዐይብ በውሉ ላይ ጻፈው፤ ገዢው አንብቦ ይፈርም። ያኔ አንተም ከጭቅጭቅ፣ እርሱም ከጸጸት ትድናላችሁ።

የገንዘቡን ምንጭም እናስብ። ብዙ ጊዜ መኪናው የሚገዛው በአንዲት እህት ላብ ነው። ሪያድ ወይም ጂዳ ሰው ቤት ስታጥብና ስታበስል ዓመታት ቆይታ የላከችው ብር ነው። በአንድ የተበላሸ ካምቢዮ ያ ሁሉ ዓመት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ያላትን ሁሉ በአንድ መኪና ላይ እንድታፈስ አትምከሯት። ጀማሪው መጀመሪያ በታወቀና ለሁለቱም ወገን በተነገረ ኮሚሽን እያሻሻጠ ገበያውን ቢማር ይሻላል። ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ንብረታቸውን መካ ትተው መዲና ሲገቡ፣ ወንድማቸው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) የሀብቱን ግማሽ ሊሰጣቸው ፈልጎ ነበር። እርሳቸው ግን ዱዓ አድርገውለት ገበያው ወዴት እንደሆነ ጠየቁ። የጀመሩትም በአይብና በቅቤ ነበር።

ካፒታል ያጠረው ወደ ወለድ አይሩጥ። ሙዳረባ አለ፤ አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ይሠራል፣ ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ይካፈላሉ። ሠሪው ካላጠፋ ኪሳራው በገንዘቡ ባለቤት ላይ ነው፤ ሠሪውም ድካሙን ያጣል። «በየወሩ ይህን ያህል ትሰጠኛለህ» የሚል ቁርጥ ገንዘብ ከገባበት ግን ሙዳረባነቱ ይቀራል። ባንክ የሚፈልግም ዛሬ አማራጭ አለው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዘምዘም ባንክ፣ ቀጥሎም ሂጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆነው እየሠሩ ነው። በሙራበሓ ባንኩ መኪናውን መጀመሪያ ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትንና ትርፉን ነግሮ በጊዜ ክፍያ ይሸጥልሃል። ከመፈረምህ በፊት ይህ ቅደም ተከተል መጠበቁን ጠይቅ።

ለጀመዓችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። በመካከላችን ሜካኒካል የሚማሩ አሉ፤ ሕግ የሚማሩ አሉ፤ አካውንቲንግ የሚማሩ አሉ። በመጪው ክረምት ወደየቤታችን ከመሄዳችን በፊት በአንድ ገጽ አማርኛ የመኪና መግዣ ቅጽ እናዘጋጅ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መመሳሰሉ፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩ፣ ሞተሩ በቀዝቃዛው መሞከሩ፣ ዳገት ላይ መነዳቱ፣ የታወቁት ዐይቦች መጻፋቸው፣ ውሉ ውልና ማስረጃ ፊት መፈረሙ ይካተትበት። ሐይቅና ውጫሌ ላይ መኪና ለሚገዛ ቤተሰብ ሁሉ በነፃ እንስጥ። ይህን ቅጽ ሞልቶ ለመሸጥ ፈቃደኛ የሆነ ነጋዴም ለራሱ ትልቅ ማስታወቂያ አገኘ ማለት ነው።

ሥራ ያጣህ ወንድሜ፣ ሥራ ያጣሽ እህቴ፣ አብሽሩ። አንድ በር መዘጋቱ ሪዝቅ ማለቁን አያመለክትም። አላህ ሐላሉን የሚያብቃቃን፣ በንግዳችን በረካ የሚያደርግልን፣ ሰው በእኛ ላይ የጣለውን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።