«ጎበዝ» ማለት ብቻ አይበቃም

የልጅ ልብ በቃል ይቆማል፤ በቃልም ይሰበራል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ብሂል ስንቱን ልጅ አንገት አስደፍቷል! እኛ እጩ መምህራን ይህን ይዘን ክፍል መግባት የለብንም። «ልጅ ሲመሰገን ይባልጋል» የሚሉም አሉ። ባልሠራው ከተመሰገነ፣ እውነታቸውን ነው። በየደቂቃው «ጎበዝ! ጎበዝ!» ማለት ልጁን የትም አያደርሰውም። ምስጋናችን የተሠራውን ሥራ ለይቶ ይናገር።

እስቲ ነገ ሰርዶ ተመደብን እንበል። ፊታችን የሚቀመጠው የአፋር ልጅ ባዶውን አልመጣም፤ ዳጉን እያየ ነው ያደገው። በዳጉ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ። ሰሚው ያዳምጣል፣ ይጠይቃል፣ ነገሩን ሳያዛባ ለሌላው ያደርሳል። ይህ ትምህርት አይደለም እንዴ? ስለዚህ ልጁ ያነበበውን በቅደም ተከተል ሲተርክ «ዳጉ እንደሚያደርስ ሰው አንዲት ነገር ሳታስቀር ነገርከን» እንበለው። ሲሳሳትም «እዚህ ድረስ ልክ ነህ፤ ከዚህ አብረን እንቀጥል» እንበል። አፋርኛ የማንችልም የማበረታቻ ቃል ከራሳቸው ከልጆቹ እንማር።

በ1998 እ.ኤ.አ. ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ ያጠናክራል። «ብልህ ናችሁ» የተባሉት ተማሪዎች ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ወደ ኋላ አሉ፤ ለጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ገፉበት።

ጓደኞች! «አልችልም» ብሎ ደብተሩን ያጠፈ ልጅ ተመልሶ ላይመጣ ይችላል። ታዲያ መልካም ቃል ቆጥበን የምናተርፈው ምንድን ነው?