የባል ሕመም፣ የሐኪም ወረቀትና የሚስት ቃል

ልጃቸው በአሜሪካ የምትኖር አንዲት እናት ለዚህ ዓምድ የሚከተለውን ጥያቄ አቅርበዋል። የልጃቸው ባለቤት በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሲያገለግል ኢራቅ ዘምቶ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ያለ ልክ ያንኮራፋል፤ በማንኮራፋቱም መካከል ትንፋሹ ቀጥ ይልና ሚስቱ በድንጋጤ ትቀሰቅሰዋለች። ቀን ደግሞ ድካምና ራስ ምታት አይለዩትም። ሐኪም መርምሮ የሕመሙን ስም ጽፎ ሰጥቶታል። ሆኖም ለጦር ጉዳተኞች የሚከፈለውን አበል ቢጠይቅ «አይገባህም» ተብሎ ተመለሰ። «መታመሙን ሐኪም በፊርማው ካረጋገጠለት፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ፈልገው ነው?» ይላሉ እኚህ እናት።

ጥያቄው የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአገራችን ሄደው በዚያ አገር ጦር ያገለገሉ ወጣቶች አሉ፤ እናቶቻቸው ግን እዚሁ ናቸው። በእኛም አገር ቢሆን የጉዳት ጡረታ ለመጠየቅ በሐኪሞች ቦርድ ፊት የቀረባችሁ ሠራተኞች ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም።

በዚያ አገር ሕግ መሠረት መታመም ብቻውን አበል አያስገኝም። አመልካቹ ዛሬ ሕመም እንዳለበት ማስረዳት አለበት፤ በውትድርናው ዘመን አንድ ነገር እንደደረሰበት፣ ማለትም መቁሰሉን ወይም መታመሙን ወይም ለጎጂ ነገር መጋለጡን ማሳየት አለበት። ከሁሉም የሚከብደው ግን ሦስተኛው ነው፤ ይኸውም የዛሬውን ሕመም ከያኔው አገልግሎት ጋር የሚያያይዝ የባለሙያ ሐኪም አስተያየት ነው። የልጅዎ ባለቤት የያዘው ወረቀት የመጀመሪያውን ብቻ ያረጋግጣል። ሐኪሙ «ይህ ሰው ታሟል» አለ እንጂ «የታመመው ከዚህ የተነሣ ነው» አላለም። ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ሐኪሙ ምን ብሎ ይጻፍ? «ምናልባት ከጦርነቱ ጋር ግንኙነት ሊኖረው ይችላል» የሚል ቃል ዋጋ የለውም፤ ምናልባት የሌለበት ነገር የለምና። በሌላ በኩል ደግሞ «በፍጹም እርግጠኛ ነኝ» እንዲልም ሕጉ አያስገድደውም። የሚፈለገው ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመምጣቱ ዕድል ካለመምጣቱ ዕድል ጋር ቢያንስ እኩል መሆኑን፣ በሌላ አነጋገር ግማሽ ለግማሽ መሆኑን እንዲመሰክር ነው። ማስረጃው ግራና ቀኝ ተመዝኖ እኩል ከሆነ፣ ሕጉ ጥርጣሬውን ለወታደሩ ይተረጉምለታል። ይህ ለባለጉዳዩ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን የማያውቁት ሐኪሞችም አሉ።

ከዚህም ሌላ ሐኪሙ ምክንያቱን ማብራራት አለበት። የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ የሚሰማው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በሰጠው ውሳኔ፣ የሐኪም አስተያየት ክብደት የሚያገኘው በቂ ምክንያት በመስጠቱ እንጂ ፋይሉን አገላብጧል በመባሉ ብቻ አለመሆኑን ገልጿል። ስለዚህ «ይመስለኛል» ብሎ በሁለት መስመር ከሚያበቃ የታላቅ ስፔሻሊስት ደብዳቤ፣ በሽተኛውን ለዓመታት ያከመና «እንዲህ ስለሆነ፣ እንዲህ ስለታየበት» እያለ የሚያስረዳ የሠፈር ሐኪም ደብዳቤ ሊበልጥ ይችላል። ሰውየው አስቀድሞ በጦርነት ምክንያት የአእምሮ ጭንቀት ወይም ሌላ ጉዳት ተቀባይነት ካገኘለት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። አዲሱ ሕመም ከዚያኛው የመጣ ወይም በዚያኛው የተባባሰ መሆኑን ሐኪሙ ካስረዳ ያስኬዳል።

አሁን ወደ ሚስቲቱ እንምጣ፤ በእኛ አስተያየት የተረሳችው እርሷ ናት። ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ የያዘው ሰው ራሱን አያይም፣ ተኝቷልና። ያየችውና የሰማችው አጠገቡ የተኛችው ናት። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 በሰጧቸው ውሳኔዎች ሐኪም ያልሆነ ሰው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ምልክት ሊመሰክር እንደሚችል፣ ያኔ የተጻፈ የሕክምና ወረቀት ባለመገኘቱ ብቻም ምስክርነቱ ውድቅ ሊሆን እንደማይገባ ወስነዋል። ስለሆነም ልጅዎ ብዕር ታንሣ። ነገር ግን የሐኪሙን ሥራ እንዳትሠራ ትጠንቀቅ። «ባሌ ያኔ አፕኒያ ነበረበት» ብትል አይሰማትም። «በዚህ ዓመት ከዘመቻ በፈቃድ ሲመጣ በሌሊት ትንፋሹ ሲቆም ሰማሁ፣ ቆጠርኩ፣ ቀሰቀስኩት፤ ከመዝመቱ በፊት ይህ አልነበረም» ካለች ግን ሐኪሙ አስተያየቱን የሚያቆምበት መሠረት ሰጠችው። በድንኳን አብሮት ያደረ ጓደኛ ቢጨምርበት ደግሞ እሰየው። የሕመሙ ስም ግን በእንቅልፍ ምርመራ መረጋገጥ አለበት።

የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ራሱ ለሚያዘው ምርመራ ሲጠራም አብራ ብትሄድ መልካም ነው። ወታደር ሐኪም ፊት ሲቀርብ «ደኅና ነኝ፣ ምንም አይደለም» ማለት ይወዳል። ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሲቃትት ያደረ ሰው በዚያች አጭር ጊዜ ጀግና ይሆናል፤ የሚጻፈው ደግሞ ያንኑ ያለው ነው።

የሐኪም ደብዳቤ የማያስፈልግበትም ጊዜ አለ፤ ይህም የተገኘው በሴቶች ብርታት ጭምር ነው። በቬትናም ጦርነት የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1971 የደን ቅጠል የሚያረግፍ መርዝ ከአየር ይረጭ ነበር። ዋነኛው፣ በበርሜሉ ላይ ከነበረው ብርቱካናማ መስመር የተነሣ ኤጀንት ኦሬንጅ የተባለው፣ ዲዮክሲን የሚባል አደገኛ መርዝ ነበረበት። (መርዙ የወረደባቸው የቬትናም እናቶችና ሕፃናት መከራ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) እ.ኤ.አ. በ1977 በዚያው መሥሪያ ቤት የቺካጎ ቅርንጫፍ ሞድ ዴቪክተር የተባለች ሠራተኛ፣ በካንሰር የሚሞት አንድ ወታደር ሚስት የነገረቻትን ይዛ የሌሎችን ታማሚዎች ታሪክ ማሰባሰብ ጀመረች። በተከታዩ ዓመት ነገሩ በቴሌቪዥን ወጣ። ሕግ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ! ከዚያ ወዲህ ቬትናም የነበረ ሰው በዝርዝሩ ከሰፈሩት በሽታዎች አንዱ ከያዘው፣ ከመርዙ እንደመጣ ሕጉ ራሱ ይገምትለታል። ዓይነት 2 የስኳር በሽታ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጨመረ፤ የደም ግፊት ደግሞ በ2022።

ኢራቅና አፍጋኒስታን የዘመቱትም ከጦር ሠፈሩ የቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ የሚወጣውን ጢስ ሲተነፍሱ ኖረዋል። ሄዝ ሮቢንሰን የተባለ የኦሃዮ ወታደር እ.ኤ.አ. በ2020 በሳንባ ካንሰር ሲሞት፣ ሚስቱ ዳንየልና አማቱ ሱዛን ዛየር ለሌሎቹም ሲሉ መሟገታቸውን አላቆሙም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመው ሕግ በስሙ ይጠራል። ከአገልግሎት በኋላ የታየ አስም፣ ሥር የሰደደ ብሮንካይትስና ሳይነስ፣ ልዩ ልዩ ካንሰሮችም በዚህ ሕግ ተካተዋል። የልጅዎ ባለቤት ሕመም ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ስለዚህ የሐኪሙ ደብዳቤ አይቀርለትም።

ደብዳቤ ፍለጋ ሲወጡ የሚጠብቁ ነጋዴዎችም አሉ። ሐኪም ለሙያው ዋጋ መጠየቁ ነውር አይደለም። ነገር ግን በሽተኛውን ሳያዩ፣ ስም ብቻ እየቀየሩ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ለሁሉ የሚያድሉ ሰዎች ገንዘቡን ወሰዱ እንጂ አልረዱትም። በመሥሪያ ቤቱ ያልተፈቀደለት ሰው ማመልከቻ አዘጋጅቶ ዋጋ መቀበልም በሕግ የተከለከለ ነው። የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ይህንኑ ሥራ በነፃ ይሠራሉ።

መከልከሉ የነገሩ መጨረሻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2019 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ፣ ውሳኔው በተሰጠ በአንድ ዓመት ውስጥ አዲስ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና ማመልከት፣ ወይም በበላይ ሠራተኛ እንዲታይለት መጠየቅ፣ ወይም ለይግባኝ ቦርድ ማቅረብ ይችላል። ለእርሱ የሚሻለው የመጀመሪያው ነው፤ የጎደለው ማስረጃ ነውና። ዓመቱ ሳያልፍ ካቀረበና ከተፈቀደለት አበሉ እንደ ደንቡ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን ጀምሮ ይታሰብለታል። ካሳለፈው ግን የኋላው ይቀርበታል።

የወረቀቱን ሁሉ ግልባጭ ልጅዎ በራሷ እጅ ታስቀምጥ። ክፉ አያምጣው እንጂ፣ ጉዳዩ ሳይወሰን ባል ቢሞት ሚስት በእርሱ ቦታ ተተክታ ማስረጃ እያቀረበች እስከ ፍጻሜው ልትከታተል ትችላለች። ለመተካት ግን ከሞተበት ቀን አንሥቶ ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት አለባት።