ዲሹ ይጎዳል ወይ?



ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከበው ይገኛሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ ክፍሎች ሆነዋል። በእነዚህ ቦታዎች በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሳህን የሚመስል ነገር በብዛት ይታያል። በዙሪያቸው ባሉት የገበሬ መንደሮችም አለ። ይህ ዲሽ ነው። ቴሌቪዥን ለማየት ያገለግላል።

ዲሽ በገባበት መንደር ጥያቄም አብሮ ይገባል። «ጨረሩ ሕፃን ይጎዳል?» «እርጉዝ ሴት ከሥሩ ብትተኛስ?» «ላሚቷ ከአጠገቡ ብትታሰር ወተቷ ይነጥፋል?» መጠየቅ መልካም ነው። መልሱን ደግሞ ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

የቤታችን ዲሽ

አንዲት እናት ዲሽ ሊተክል የመጣውን ወጣት ጠየቁት እንበል።

— ልጄ፣ ይህ ነገር ጨረር ይተፋል ይሉኛል። እውነት ነው?

— የለም፣ እማማ። የቴሌቪዥን ዲሽ ይቀበላል እንጂ አይልክም።

— እንዴት አድርጎ?

— ዝናብ ሲዘንብ ከአሸንዳው ሥር ጋን ያስቀምጡ የለ? ጋኑ ውሃ ይቀበላል። ጋኑ ግን አያዘንብም። ዲሹም እንደዚያው ነው።

— ታዲያ ዝናቡ ከየት ይመጣል?

— ከሳተላይት ነው፣ እማማ።

ወጣቱ ትክክል ተናግሯል። ሳተላይት ሰው ሠርቶ ወደ ሰማይ ያወጣው መሣሪያ ነው። የእኛ ዲሾች የሚያዩዋቸው የቴሌቪዥን ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ይገኛሉ። ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ ለእኛ በአንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ። ስለዚህ ዲሹ አንዴ ከተስተካከለ ወደዚያው እንዳየ ይቀራል። ቀድሞ ብዙ ዲሾች ናይልሳት ወደምትባለው ሳተላይት፣ ወደ ምዕራብ ያዩ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮሳት የሚባለው አገልግሎት ሲመጣ ብዙ ሰው ዲሹን ወደ ምሥራቅ አዙሯል።

ከሳተላይት ወደ እኛ የሚወርደው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሞገዱ በዓይን አይታይም። ከዚያ ሁሉ ርቀት መጥቶ በብዙ አገር ላይ ስለሚበተን እጅግ ደካማ ነው። ዲሹ ጎድጓዳ የሆነው ይህን ደካማ ሞገድ ለቃቅሞ በአንድ ቦታ ለመሰብሰብ ነው። የተሰበሰበውን በዲሹ ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ዕቃ ትቀበላለች። ሠራተኞች ኤል.ኤን.ቢ. ይሏታል። ከእርሷ በገመድ አድርጎ ቤት ውስጥ ወዳለው ሪሲቨር ይገባል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ሞገዱ ዲሽ ቢኖርም ባይኖርም ይወርዳል። ዲሹን ነቅለን ብንጥል ሞገዱ አይቀርም። ስለዚህ የቴሌቪዥን ዲሽ ሕፃኑንም፣ እርጉዟንም፣ ላሚቷንም በጨረር አይጎዳም።

የሚልክ ዲሽም አለ

ሁሉም ዲሽ ግን አንድ አይደለም። የሚቀበልም የሚልክም ዲሽ አለ። ቪሳት ይባላል። የስልክ መስመር በማይደርስበት ቦታ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት በእርሱ ይገናኛል። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወረዳኔት በተባለው ሥራ ብዙ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች እንዲህ ባለ ዲሽ ተገናኝተው ነበር። የሱሉልታ ሰዎች ደግሞ ትልቁን ያውቁታል። በሱሉልታ የሳተላይት የመሬት ጣቢያ ሥራ የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1979 ነው። የአገራችን የስልክ ጥሪ በሳተላይት በኩል ወደ ውጭ አገር የሚሄደው በዚያ ነበር።

የሚልክ ዲሽ ምን ያደርጋል? ሞገድ ያወጣል። ይህ ሞገድ ሲበዛ የሰውን ሥጋ ያሞቃል። እንደ ሐኪም ቤት ራጅ ያለ ጨረር ግን አይደለም። በሰውነት ውስጥ ተጠራቅሞ አይቀርም። መሣሪያው ሲጠፋ ሞገዱም ይጠፋል። ሙቀቱ ሲበዛ በቶሎ የሚጎዳው ዓይን ነው። ዓይን እንደ ሌላው አካል ሙቀቱን በደም ቶሎ አያወጣምና።

ምን ያህል ሲሆን ይበዛል? በዚህ ነገር ላይ የሚያጠና ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ኮሚሽን አለ። ኮሚሽኑ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላይ ዲሾች ለሚጠቀሙበት ዓይነት ሞገድ ልክ አስቀምጧል። ለሕዝብ በአንድ ካሬ ሜትር 10 ዋት፣ በሥራው ላሉ ባለሙያዎች 50 ዋት ነው። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ገደማ ታወርዳለች። ልኩ ምን ያህል ዝቅ ተደርጎ እንደተቀመጠ ከዚህ ማየት ይቻላል።

የእጅ ባትሪን አስቡ። ባትሪው ብርሃኑን ወደ ፊቱ ይወረውራል። ከኋላውና ከጎኑ ግን ጨለማ ነው። የሚልክ ዲሽም ሞገዱን የሚወረውረው ወደ ፊቱ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ዲሹ ቀና ብሎ ወደ ሰማይ ያያል። ስለዚህ ከኋላው ወይም ከሥሩ በመንገድ የሚያልፍ ሰው አይጎዳም። ሞገዱ የሚጠነክረው በሳህኑና ከፊቱ በቆመው መላኪያ ዕቃ መካከል ነው። እዚያ መካከል እጅም ጭንቅላትም አይግባ።

የቤትና የሚልክ ዲሽ በምን ይለያሉ? ገመድ መቁጠር አያስተማምንም። የቤት ዲሽም ሁለትና ሦስት ገመድ ሊኖረው ይችላልና። የሚሻለው ባለቤቱን መጠየቅ ነው። የባንክ፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የጣቢያ ዲሽ ከሆነ ይልካል ብላችሁ ያዙት። ማስጠንቀቂያ ምልክት ካለ አንብቡ። አጥር ካለ አትዝለሉ፤ ከብትም አታስገቡ። ቀለም ቀቢ፣ ቆርቆሮ መቺ ወይም ጥበቃ ከሆናችሁ፣ ከፊቱ ከመሥራታችሁ በፊት «መሣሪያው ይጥፋ» ብላችሁ ጠይቁ። ሠርታችሁ እስክትወርዱ ማንም እንዳያበራው ይሁን።

እውነተኛው አደጋ ወዴት ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። አንድ ሰው የቤቱን ዲሽ ጨረር ፈራ እንበል። ዲሹን ከመኝታው ለማራቅ ብሎ ረጅም የብረት ምሰሶ በግቢው ጥግ አቆመ። በዚያ ጥግ በኩል ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ ያልፋል። ይህ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ገባ! የሸሸው ጨረር የሌለ ነው። የተጠጋው ሽቦ ግን ይገድላል።

ወደ ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ይህ ሰው ለመግደል ይበቃል። በትልልቁ ምሰሶ ላይ የሚያልፈው ደግሞ 15,000 ቮልት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እነዚህን አንርሳ፦

1. የዲሹን ምሰሶ ከማቆማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ። ምሰሶው ወደየትም ቢወድቅ ሽቦ የማይነካበት ቦታ ምረጡ።

2. በዝናብና በነፋስ ጣራ ላይ አትውጡ። እርጥብ ቆርቆሮ ያንሸራትታል። መሰላሉን የሚይዝ ሰው ከታች ይኑር። ልጅ አትላኩ።

3. ዲሹ ላይ ስትሠሩ ቤት ውስጥ ያለውን ሪሲቨርና ቴሌቪዥን ከሶኬት ንቀሉ።

4. የክረምት ደመና ሲከብድ፣ መብረቁ ሳይደርስ፣ የሪሲቨሩን መሰኪያና የዲሹን ገመድ ንቀሉ። መብረቅ ከጀመረ በኋላ ገመዱን አትንኩ።

5. የብረቱን ምሰሶ ባለሙያ በሽቦ ከመሬት ጋር ያገናኘው።

6. ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው በእጃችሁ አትጎትቱት። አስቀድማችሁ ቆጣሪው ላይ ኃይሉን አጥፉ። ሽቦው የትልቁ መስመር ከሆነ ግን አትቅረቡ። ሰው ሁሉ ይራቅ፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ይጠሩ።

ፍርሃት በቦታው ሲሆን ሰውን ያድናል። ቦታውን ሲስት ግን ዓይንን ከእውነተኛው አደጋ ላይ ያነሳል። ስለዚህ ዲሽ ስናይ ሁለት ነገር እንጠይቅ። ይህ ዲሽ ይቀበላል ወይስ ይልካል? የኤሌክትሪኩ ሽቦስ ወዴት ነው?

ከንባብ በኋላ በቡድን ተወያዩ

ሀ. ጋንና ዲሽ በምን ይመሳሰላሉ?

ለ. የቤቱን ዲሽ ብናነሳ ሞገዱ ይቀራል? ለምን?

ሐ. የሚልክ ዲሽ ሞገዱ የሚጠነክረው በየት ቦታ ነው?

መ. በመንደራችሁ ከኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ የቆመ የዲሽ ምሰሶ አለ? ካለ ለባለቤቱ ማን ይንገረው? በደንብ የሚያነብ ሰው ይህን ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብለት።